ጥይቱ ለምን ይስታል? የጠመንጃ የፊት መያዣና የሌሎች ክፍሎች ሥራ

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ካምፕ ፔሪ የሚባል የተኩስ ሜዳ አለ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ የጠመንጃ ውድድር ስሙ የሚነሳ ቦታ ነው። እዚያ ተወዳዳሪው መጀመሪያ በ200 ያርድ ቆሞ ይተኩሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በ600 ያርድ፣ ማለትም 550 ሜትር ገደማ ርቆ፣ በደረቱ ተኝቶ ይተኩሳል። ቆሞ ሲተኩስ ማንገቻው አልተወጠረም። ሲተኛ ግን ክንዱ ላይ አስሮ ጥብቅ ያደርገዋል። ጠመንጃው ያው፣ ጥይቱም ያው። ነገር ግን ጠመንጃው እንደ አሜሪካ ወታደሩ ኤም-16 ከሆነ፣ በአንዱ አተኳኮስ የተስተካከለው ማነጣጠሪያ በሌላው ላይ አይሠራም።

ነገሩ ያለው ግራ እጅ የሚያርፍበት የፊት መያዣ ላይ ነው። በኤም-16 ላይ ይህ መያዣ ሁለት የፕላስቲክ ክፋይ ነው። የፊት ጫፉ የሚደገፈው አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ረጅሙ ብረት፣ ላይ በተቀመጠ ቆብ ነው። የማንገቻው ቀለበት ደግሞ ከፊት ማነጣጠሪያው ሥር ይንጠለጠላል፤ ማነጣጠሪያው ራሱ አፈሙዙ ላይ በብረት ተሰክቶ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ተኳሹ ማንገቻውን ሲወጥር የሚጎትተው አፈሙዙን ነው። ብረት አይታጠፍም እንላለን፤ ይታጠፋል። በዓይን የማይታይ ትንሽ መጉበጥ ይበቃል።

ይህ ትንሽ ምን ያህል ነው? ተኳሾች የሚለኩት በማዕዘን ደቂቃ ነው፤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ማለት ነው። 100 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 600 ያርድ ላይ ግን 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በካምፕ ፔሪ የ600 ያርዱ ዒላማ የ10 ነጥብ ክብ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አፈሙዙ በአንድ ደቂቃ ብቻ ከተዛነፈ፣ ልክ መሃል ላይ ያነጣጠረው ሰው ከ10 ውጭ ይወድቃል። ትንፋሹን በደንብ ይዞ፣ ምላጩን በለስላሳው ስቦ፣ ምንም ሳያጠፋ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ብልህ ነው። ከመያዣው ውስጥ የብረት ቱቦ ይገባል። ቱቦው የሚታሰረው ከኋላ፣ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወደፊት አፈሙዙን የትም አይነካም። ማንገቻውም ቱቦው ላይ ይታሰራል። ከውጭ ሲታይ ያው የወታደር ጠመንጃ ነው። ውስጡ ግን አፈሙዙ ነፃ ነው። የኤም-16 የሲቪል አምሳያ የሆነው ኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃ በ1990ዎቹ በካምፕ ፔሪ የቆዩትን ትልልቅ ጠመንጃዎች ሲተካ ይህ ቱቦ አንዱ ምክንያት ነበር።

ነፃ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። ርግብግቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥይቶቹ ተቀራርበው ያርፋሉ። አንዴ እጅ፣ አንዴ ድንጋይ፣ አንዴ አሸዋ የሞላ ከረጢት ሲጫነው ግን ንዝረቱም ይለያያል።

የእንጨቱ ዘመን ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። በኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የያዙትን ኤም-1 ጋራንድ እናስብ። የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለው፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ከሰደፉ አንስቶ እስከ ፊት እንጨት የለበሰ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከብረቱ ጋር የነበረው መገጣጠም ይለወጣል። ለውድድር የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች የእንጨቱን ውስጥ ጥቂት ፍቀው፣ የብረቱ አካል የሚቀመጥበትን ቦታ ፋይበር ግላስ በተቀላቀለበት ሙጫ ይሞሉታል። ሙጫው ሲደርቅ ብረቱ እንደ ጫማ ልኩ ላይ ይቀመጣል።

አሁን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የሚያምረውን የፊት መያዣ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው ባይ ነኝ። መያዣ መጥፎ አፈሙዝን ጥሩ አያደርግም፤ ጥሩውን እንዳይረበሽ ይጠብቃል እንጂ። ጥይቱና አፈሙዙ ይቀድማሉ። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ቦይ ከጥይቱ ክብደት ጋር መስማማት አለበት። የመጀመሪያው ኤም-16ኤ1 ጥይቱን በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንዴ ያሽከረክር ነበር። ቀጣዩ ኤም-16ኤ2 ከበድ ላለ ጥይት ሲሠራ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ወረደ። የአፈሙዙ ጫፍ ጠርዝም አለ። ጥይቱ በመጨረሻ የሚለቀው ያንን ቦታ ነውና በግዴለሽነት በተገፋ የመጥረጊያ ዘንግ ከተፋቀ ወይም ከተሸረፈ ጥይቱ ይስታል።

ምላጭ ደግሞ የእጅ ጉዳይ ነው። በውድድሩ ደንብ የወታደር ጠመንጃ ምላጭ 2 ኪሎ ገደማ መሸከም አለበት። ዳኛው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ክብደቱን ምላጩ ላይ ያንጠለጥላል፤ ከተለቀቀ ጠመንጃው አያልፍም። ከ2016 ጀምሮ የማነጣጠሪያ መነጽርም ተፈቅዷል፣ እስከ አራት ተኩል እጥፍ የሚያጎላ።

የእንጨት ልብስ ያለው የስፖርት ጠመንጃ አፈሙዙ ነፃ መሆኑን ለማየት ግን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ነው። ከዚያ አንድ የብር ኖት በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አስገብቶ ወደ ኋላ መሳብ። ኖቱ ሳይያዝ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር እስከሚገናኝበት ከደረሰ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ማንገቻውን ወጥሮ እንደገና መሳብ። በዚህ ጊዜ ሊይዝ ይችላል።