የሰሜን ተራሮች በግ አርቢ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ የፋሲል ግንብን ጎብኝቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያያቸውን የሣር ክዳን ቤቶች የሥነ ሕንፃ ሥራ ብሎ አይቆጥራቸውም። እኛ የከተማው ሰዎችም ብንሆን ከዚህ አስተሳሰብ ነጻ አይደለንም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ውርጫማ ደጋ ገብስ እያረሰና በግ እያረባ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን በዚያ መልክ የሚሠራበት በቂ ምክንያት አለው።

በብዛት የሚሰማው አባባል ክብ ቤት አራት ማዕዘን መሥራት ያቃተው ድሃ ቤት ነው የሚለው ነው። በዚያው አገር ያለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን በአብዛኛው ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደርገው ይሠራሉ፤ ምእመኑ ለእግዚአብሔር ቤት የመረጠውን ቅርጽ የድህነት ምልክት ማድረግ አያስኬድም። ስሌቱም ይህንኑ ይደግፋል። ወለሉ 36 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት አራት ጎኑ እኩል ሆኖ ቢሠራ ዙሪያው 24 ሜትር ይሆናል፤ ክብ ሲሆን ግን ከ21 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ድንጋይ በሰው ጫንቃ ዳገት በሚወጣበት ቦታ ይህ ልዩነት የብዙ ቀን ድካም ያስቀራል፤ ለብርድ የሚጋለጠው ግድግዳም በዚያው ልክ ያንሳል። በተጨማሪም ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ ሲካብ ቀድሞ የሚላቀቀው ማዕዘኑ ስለሆነ፣ ክብ ካብ ይህን ችግር ከመነሻው ያስወግደዋል።

ድንጋይ ቤት በራሱ ሙቅ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። ድንጋይ ሙቀትን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ የሚጠቅመው ውፍረቱ ሲሆን፣ ቀን ፀሐይ የመታው ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን ቀስ እያለ ሌሊት ይለቀዋል። ሙቀቱን በእርግጥ ይዞ የሚያቆየው በክዳኑ ሣር መካከል የታፈነው አየር ነው። ክዳኑ ቁልቁል የሚወርደው ውኃው ሳይሰርግ እንዲንሸራተት ሲሆን፣ ወራጆቹ በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ሣሩ ውኃ መመለስ ስለማይችል ብዙ ጊዜ አሮጌ ገንቦ ወይም እንስራ ይደፋበታል። የምርጊቱ ጭቃም እንዲሁ ተዝቆ የሚለጠፍ አይደለም፤ ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ይቦካል፣ ለቀናት ይሰነብታል፣ ጭዱም ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያስረዋል።

ሰውና በግ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው ካለማወቅ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደ ግልገል ብርድ ላይ ከዋለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ውጭ ደግሞ ጅብና ነብር አለ። የሰው መኝታ የሆነው መደብ ወይም ቆጥ ከወለሉ ከፍ ስለሚል፣ ከመንጋው የሚነሣው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ለተኛው ሰው ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ ጉዳቱን መሸሸግ አይገባም። ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ፤ የሽንቱ ትነትም ሕፃናትን ይጎዳል። በእኔ አስተያየት የሚሻለው ጋጣውን ከቤቱ ማራቅ ሳይሆን፣ በዚያው ጣሪያ ሥር በግድግዳ ከልሎ የራሱን በር ማውጣት ነው።

ከምድጃው የሚነሣው ጭስ መውጫ ያጣው ሠሪው ስላልተጠነቀቀ ነው የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በሣሩ መካከል ቀስ ብሎ የሚወጣው ጭስ ክዳኑን ያደርቃል፤ ጥቀርሻውም ወራጁንና ማገሩን ከነቀዝ ይጠብቃል። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ምድጃው ዘንድ የሚውሉት እናቶችና ልጆች በዓይናቸውና በሳንባቸው ነው። ስለዚህ ጭሱ ለጣሪያው ይጠቅማል ብሎ ነገሩን መተው ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ቆርቆሮ በሁሉም ረገድ ይበልጣል የሚል እምነት አለ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ እንደ ሣር በየጊዜው መለወጥ አያሻውም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ሣር እንደልብ ማጨድም አይቻልም። ነገር ግን ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ መኝታ ላይ ይንጠባጠባል፤ በረዶ በዘነበ ጊዜም ቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ከዚህም በላይ ቆርቆሮው አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ ሾጣጣ ጣሪያ ላይ ሲመታ እየተቆረጠ ብዙው ይባክናል፤ በየመንደሩ ክቡ ቤት እየቀረ አራት ማዕዘኑ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቆርቆሮ የመረጠ ገበሬ ከሥሩ ወፍራም የሣር ወይም የጭድ ንጣፍ ከማገር በላይ ቢያነጥፍና ንጣፉን እሳት እንዳያገኘው በጭቃ ቢመርገው፣ የቀድሞው ክዳን ይሰጠው የነበረውን ሙቀት በአመዛኙ መልሶ ያገኛል።