ኮል ኦፍ ክቱሉ፦ ፍርሃትን በቁጥር የያዘው የጠረጴዛ ጨዋታ

ኮል ኦፍ ክቱሉ፣ ትርጉሙም «የክቱሉ ጥሪ»፣ ኬኦሲየም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው የአስፈሪ ታሪክ የሚና ጨዋታ ነው። የነደፈው ሳንዲ ፒተርሰን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው የሚካሄደው በጠረጴዛ ዙሪያ በወሬ፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ «ኪፐር» ይሆናል። ታሪኩን የሚያውቀው፣ የሚተርከውና የሚዳኘው እሱ ነው። የቀሩት፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱት፣ «መርማሪዎች» ናቸው። መርማሪዎቹ ጀግኖች ወይም አስማተኞች አይደሉም፤ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ የታሪክ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የግል ፖሊስ ናቸው። የሆነ ሰው ይጠፋል፣ የሆነ ቤት ሰላም ያጣል፣ እነሱም ነገሩን ሊያጣሩ ይነሳሉ።

ከዚያ በፊት የነበሩት የሚና ጨዋታዎች፣ በ1974 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ጨምሮ፣ ባብዛኛው የሚያድግ ገጸ ባሕሪ ይሰጡ ነበር። ጭራቅ ይገደላል፣ ወርቅ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ይጨምራል። ኮል ኦፍ ክቱሉ ይህን መንገድ ገለበጠው። እዚህ መርማሪው ብዙ ባወቀ ቁጥር ወደ መጥፊያው ይቀርባል። ጨዋታው ከ40 ዓመት በላይ የተመሰገነውም የተተቸውም በዚሁ በአንዱ ነገር ነው።

አነሳሱ

የጨዋታው ምንጭ የሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ድርሰቶች ናቸው። ላቭክራፍት በ1890 በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ ተወልዶ በ1937 በዚያው ከተማ በድህነት ሞተ። ለጨዋታው ስም የሰጠውን አጭር ልብ ወለድ የጻፈው በ1926 ነበር፤ ታሪኩ ዊርድ ቴልስ በተባለው መጽሔት የወጣው በየካቲት 1928 ነው። በድርሰቶቹ ውስጥ አጽናፈ ዓለሙ ለሰው ልጅ ደንታ የለውም። ከሰው በፊት የነበሩና ከሰው በኋላም የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ፣ ክቱሉም ከነሱ አንዱ ነው፤ የነሱን እውነት ያየ ሰው አእምሮው አይጸናም።

ኬኦሲየምን በ1975 የመሠረተው ግሬግ ስታፎርድ ነው። ኩባንያው በ1978 ሩንክዌስት የተባለ ጨዋታ አሳተመ። ሩንክዌስት ገጸ ባሕርያትን በደረጃ ከማሳደግ ይልቅ ለእያንዳንዱ ችሎታ ከመቶ የሚሰላ ቁጥር ሰጠ። በ1980 የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነገር ቤዚክ ሮል ፕሌይንግ በተባለ ባለ 16 ገጽ ቡክሌት ተጠቃሎ ወጣ። ፒተርሰን በመጀመሪያ ለኩባንያው ያቀረበው ሐሳብ ለሩንክዌስት ማሟያ የሚሆን፣ የላቭክራፍትን የሕልም ዓለም የሚያሳይ መጽሐፍ ነበር። ኬኦሲየም ግን በላቭክራፍት ላይ ራሱን የቻለ ጨዋታ ለማውጣት አስቀድሞ አቅዶ ስለነበር ሥራው በኋላ ለፒተርሰን ተላለፈ። የመጀመሪያው ሳጥን ያንን ቡክሌትና ስለ 1920ዎቹ ኑሮ መረጃ የሚሰጥ ማጣቀሻ ይዞ ወጣ።

1920ዎቹ መመረጣቸው ብልህነት ነበር። ዘመኑ የደራሲው የራሱ ዘመን ነው፤ መኪናና ስልክ አለ፣ ነገር ግን ርቆ ያለ ሰው ቶሎ አይገኝም፣ የድሮ መዝገብ ለማየትም የግድ ማኅደር ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ፍርሃት እንዲህ ያለ ክፍተት ይፈልጋል።

የአእምሮ ጽናት አሠራር

አንድ መርማሪ ሲፈጠር ጉልበቱ፣ ጤናው፣ ቅልጥፍናው፣ የማሰብ ችሎታውና ሌሎቹ ባሕርያት በዳይስ ይወጣሉ። በ2014 በወጣውና በማይክ ሜሰንና በፖል ፍሪከር በተዘጋጀው 7ኛ እትም እነዚህ ቁጥሮች በአምስት ተባዝተው ከመቶ ይያዛሉ። የመንፈስ ኃይል የሚባለው ባሕሪ በሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥሎ በአምስት ይባዛል፤ ውጤቱም የመርማሪው መነሻ የአእምሮ ጽናት ይሆናል። ዳይሱ 11 ካመጣ ጽናቱ 55 ነው።

መርማሪው አስደንጋጭ ነገር ሲያይ ሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ አንዱ አሥር ቤት ሌላው አንድ ቤት ነው። ውጤቱ ካለው ጽናት ካልበለጠ ተቋቁሟል፤ ከበለጠ ተሸንፏል። ለእያንዳንዱ ድንጋጤ ሁለት ኪሳራ ይጻፍለታል፤ አንዱ ለተቋቋመ፣ አንዱ ለተሸነፈ። ሳያስበው ሬሳ ያገኘ ሰው ከተቋቋመ ምንም አያጣም፤ ካልተቋቋመ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ያጣል። ክቱሉን ራሱን ያየ ግን ቢቋቋምም ከ1 እስከ 10፣ ካልተቋቋመ ከ1 እስከ 100 ያጣል። ጽናቱ ዜሮ የደረሰ ገጸ ባሕሪ ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ ወደ ኪፐሩ ያልፋል።

የንድፉ ረቂቅነት የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በአንድ ጊዜ 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያጣ መርማሪ ለማሰብ ችሎታው ሌላ ዳይስ ይጥላል። በዚህ ውርወራ የሚጎዳው የተሳካለት ነው። ከተሳካለት ያየውን ነገር ምንነት በሚገባ ተረድቷልና ለጊዜው ያብዳል፤ ካልተሳካለት አእምሮው ትዝታውን ቀብሮ ያድነዋል። በዚህ ጨዋታ ጎበዝ መሆን አደጋ መሆኑን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ማብራሪያ ከሚያስረዳው ይልቅ ይህች አንዲት ሕግ ታስረዳለች። በአንድ ቀን ውስጥ ካለው ጽናት አንድ አምስተኛውን ያጣ ደግሞ፣ ማለትም 55 ያለው 11 ነጥብ ሲያጣ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይታመማል።

ሌላው ወጥመድ «የክቱሉ ሚቶስ» የሚባለው ዕውቀት ነው። ይህ ችሎታ ከዜሮ ይጀምራል፤ የሚያድገው የተከለከሉ መጻሕፍትን በማንበብና ፍጥረታቱን በማየት ነው። የአንድ ሰው ጽናት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ደግሞ 99 ሲቀነስ ይህ ዕውቀት ነው። 12 ነጥብ ያወቀ መርማሪ ምንም ሕክምና ቢያገኝ ከ87 አያልፍም። ጭራቁን የሚያባርረው ድግምት ያለው በመጽሐፉ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉን ማንበብ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ተጫዋቾች በጠረጴዛው ዙሪያ «ማን ያንብበው?» ብለው ሲከራከሩ ጨዋታው በትክክል እየሠራ ነው ማለት ነው።

ሥጋውም እንደ አእምሮው ተሰባሪ ነው። የሕይወት ነጥብ የሚገኘው የጤናና የሰውነት መጠን ቁጥሮች ተደምረው ለአሥር ሲካፈሉ ነው፤ 50 እና 65 ያለው ሰው 11 ይኖረዋል። አንድ የ.38 ሪቮልቨር ጥይት ደግሞ ከ1 እስከ 10 ይጎዳል። ስለዚህ ተኩስ የመጨረሻው መፍትሔ ነው።

7ኛው እትም ከጨመራቸው ነገሮች በተጫዋቾች ዘንድ ይበልጥ የተወደደው የዳይስ ውርወራን «መግፋት» ነው። ያልተሳካለት ተጫዋች ተጨማሪ ምን እንደሚያደርግ ከተናገረ ድጋሚ ሊጥል ይችላል፤ ለምሳሌ በሩን በትከሻው ከመግፋት አልፎ በመጥረቢያ ቢመታው። ዳግመኛ ከወደቀ ግን ኪፐሩ የከፋ ነገር ያመጣበታል። ጥሩ ኪፐር የሚመጣውን አደጋ ዳይሱ ሳይጣል አስቀድሞ ይጠቁማል፤ ፍርሃቱ ያለው ተጫዋቹ ዳይሱን ይዞ በሚያመነታበት ቅጽበት ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚበላሸው

ዋናው ብልሽት የታወቀ ነው፤ ፍንጩ በዳይስ ጀርባ ይደበቃል። ምርመራው ወደፊት የሚሄደው በመሳቢያው ውስጥ ባለው ደብዳቤ ከሆነና ተጫዋቾቹ በሙሉ «የተደበቀ ነገር ማየት» በሚለው ችሎታ ከወደቁ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ልምድ ያለው ኪፐር መሳቢያውን የከፈተ ሰው ደብዳቤውን ያለ ዳይስ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ዳይሱን የሚያስጥለው ለተጨማሪው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ደብዳቤው ትናንት የተጻፈ መሆኑን ከቀለሙ ለማወቅ። አስፈላጊ የሆነ መረጃ ቢያንስ በሁለትና በሦስት መንገድ እንዲገኝ ማድረግም ይበጃል። በ2008 በኬኔት ሃይት የተጻፈው ትሬይል ኦፍ ክቱሉ የተባለው ሌላ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ችግር መልስ ሆኖ የወጣ ነው፤ በዚያ ጨዋታ ተገቢው ችሎታ ያለው መርማሪ በተገቢው ቦታ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያገኛል።

ሁለተኛው ብልሽት ጭራቁን ቶሎ ማሳየት ነው። ስሙ የተጠራ ጭራቅ ግማሽ ፍርሃቱ ሄዷል። ሽታውን፣ ድምፁን፣ የተወውን እርጥብ ዱካ መግለጽ ይሻላል። ሦስተኛው ደግሞ በረጅም ዘመቻ፣ ማለትም ብዙ ምሽት በሚፈጅ ተከታታይ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርያት ሲሞቱ የሚተካ ሰው አለመዘጋጀቱ ነው። ከመነሻው የሟቹን ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ መድቦ፣ ማስታወሻ ደብተሩ ለማን እንደሚደርስ መወሰን ይጠቅማል።

ታዋቂዎቹ ታሪኮች

ብዙ ሰው ወደ ጨዋታው የሚገባው «ዘ ሆንቲንግ» በተባለው አጭር ታሪክ ነው። ከ1981ዱ መጽሐፍ ጀምሮ በብዙዎቹ እትሞች የተካተተ ሲሆን ለጀማሪዎች በሚሰጠው ነጻ መመሪያም አለ። መርማሪዎቹ በቦስተን ያለ ቤት ለምን ሰው እንደማይበረክትበት እንዲያጣሩ በባለቤቱ ይቀጠራሉ። የታሪኩ ግማሽ የሚያልፈው በጋዜጣ ማኅደርና በመዝገብ ቤት ነው፤ ይህን ዘለው በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚሮጡ ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ ይቀጣሉ። ፎቅ ላይ ያለች አንዲት አልጋ ራሷ ተንቀሳቅሳ ሰውን በመስኮት የምትወረውርበት ቦታ ስንትና ስንት መርማሪ አስቀርቷል።

ከረጃጅሞቹ ዘመቻዎች ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው በ1984 በላሪ ዲቲሊዮ ከሊን ዊሊስ ጋር የተጻፈው «የኒያርላቶቴፕ ጭምብሎች» ነው። በ1925 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ አንድ የሚታወቅ ጸሐፊ ተገድሎ ይገኛል፤ መንገዱም ወደ ለንደን፣ ካይሮ፣ ኬንያና ሻንጋይ ይወስዳል። የዘመቻው ብርታት በእጅ በሚሰጡት ወረቀቶች ላይ ነው፤ ደብዳቤዎች፣ የጋዜጣ ቁርጥራጮች፣ በሻንጋይ ያለ መጠጥ ቤት ስም የታተመበት ክብሪት። ተጫዋቾቹ ክብሪቱን አገላብጠው ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ይህ ነጻነት በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ተሻሽሎ በ2018 ሲታተም ከ600 ገጽ በላይ ሆነ፣ በፔሩ የሚካሄድ መግቢያም ተጨመረለት። ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድበት ቡድን ብዙ ነው።

ኩባንያው ሊወድቅ ሲል

የላቭክራፍት ስም ኬኦሲየምን ለረጅም ዘመን አኑሮታል፤ ሊጥለውም ደርሶ ነበር። ኩባንያው በ2012 «ሆረር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ» የተባለውን የ1991 ዘመቻ እንደገና ለማሳተም፣ በ2013 ደግሞ ለ7ኛው እትም ኪክስታርተር በተባለው የሕዝብ መዋጮ ድረ ገጽ ገንዘብ ሰበሰበ። ሁለተኛው ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ነገር ግን የተገባው ቃል ከአቅም በላይ ሆነ፤ መጻሕፍቱ ከባድ፣ ወደ ውጭ አገር የመላኪያው ወጪ ከታሰበው የላቀ፣ ሥራውም ዘገየ። በ2015 መሥራቹ ስታፎርድና ፒተርሰን ወደ ኩባንያው ተመለሱ፣ ሙን ዲዛይን የተባለው አሳታሚ ቡድንም አስተዳደሩን ተረከበ። የዘገዩት መጻሕፍት ለደጋፊዎቹ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ስታፎርድ በ2018 አረፈ።

አቀባበሉና ትችቱ

የእንግሊዙ ዋይት ድዋርፍ መጽሔት በ1982 ጨዋታውን ገምግሞ ከ10 ዘጠኝ ሰጠው። በ1996 ደግሞ አርኬን የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንባቢዎቹን የዘመናት ሁሉ ተወዳጅ የሚና ጨዋታ የትኛው ነው ብሎ ሲጠይቅ ከ50ዎቹ አንደኛ የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ነበር።

ትችቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የአእምሮ ሕመም አቀራረብ ነው። የቀደሙት እትሞች የሕመም ስሞችን በሠንጠረዥ ደርድረው በዳይስ ያድሉ ነበር፤ ሕመሙን ለሚኖሩት ሰዎች ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ሁለተኛውና የከበደው የደራሲው ዘረኝነት ነው። ላቭክራፍት ለጥቁሮችና ለስደተኞች የነበረው ጥላቻ በደብዳቤዎቹም በድርሰቶቹም በግልጽ ይታያል። በጨዋታው የቆዩ ዘመቻዎችም የክፉ አምልኮ ተከታዮች አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች ነበሩ፤ የካይሮና የኬንያ ምዕራፎች በዚህ ይወቀሳሉ፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። በ2017 በክሪስ ስፓይቪ የወጣው «ሃርለም አንባውንድ» የተሻለ መንገድ አሳየ። መቼቱን የ1920ዎቹ ሃርለም (የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር)፣ መርማሪዎቹን ጥቁር አሜሪካውያን አደረገ፤ ዘረኝነቱንም በጨዋታው ሕግ ውስጥ የሚጋፈጡት አደጋ አድርጎ አቀረበው። ሁለተኛ እትሙን በ2020 ያሳተመው ኬኦሲየም ራሱ ነው።

ጨዋታው ከእንግሊዝኛ ውጭም ሥር ሰዷል። በፈረንሳይኛ በ1984፣ በጃፓንኛ በ1986 ተተረጎመ። በተለይ በጃፓን ከደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የበለጠ ይወደዳል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ሰዎች የተጫወቱትን በቪዲዮ አቀናብረው ኒኮኒኮ በተባለው ድረ ገጽ ማሳየታቸው ነው፤ ሕጉን ያላነበቡ ወጣቶች ጨዋታውን በማየት ተማሩት። እዚያ የሚዘወተሩት በአንድ ምሽት የሚያልቁ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ታዋቂው «መርዘኛው ሾርባ» መርማሪዎቹን በማያውቁት ክፍል ውስጥ ያነቃቸዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም መርዘኛውን ሾርባ መጠጣት አለባቸው። ከእነዚህ ታሪኮች ብዙዎቹ የተጻፉት በ6ኛው እትም ስለሆነ ሁለቱ እትሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ7ኛው ለመጫወት የፈለገ ኪፐር የባሕርያቱን ቁጥር በአምስት ያባዛል፤ 13 የነበረው 65 ይሆናል። የችሎታዎቹ ቁጥር ግን ድሮም ከመቶ የሚሰላ ነውና እንዳለ ይቀራል።