በጌት አታውሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰሞኑን እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የአንዲት እህታችን ለቅሶ ላይ ነበርን። ፍትሐቱ ተፈጽሞ፣ ከቀብር መልስ እድርተኛው ንፍሮ እየዘገነ ሳለ፣ የምርመራ ወረቀቷን ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲቀባበሉት አየሁ። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የካርድ ቁጥሯ ሳይቀር! ልጇ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ማዕተብ ያሰረ ሰው «ለካ ይሄ ኖሯል የያዛት» ሲል ሰማሁት። አንጀቴ አረረ።

ቅዱስ ዳዊትን አስቡ። የሳኦልን ሕመም ከእርሱ ይበልጥ ማን ያውቀው ነበር? ክፉ መንፈስ ሲያሠቃየው በገና የሚደረድርለት እርሱ ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥23)፤ ሲብስበት የወረወረውን ጦር ዘወር ብሎ ያመለጠውም እርሱ ነው። ሳኦል በጊልቦዓ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ ሲሞት ዳዊት የሚያወራው አላጣም። ነገር ግን የጠላቶቻቸው የፍልስጥኤማውያን ከተማ በሆነችው «በጌት ውስጥ አታውሩ» አለ (2ኛ ሳሙ. 1፥20)። በዚያ ሁሉ ሙሾ ስለዚያ ሕመም አንድ ቃል አይገኝም። ያውም ለሚያሳድደው ሰው! እኛ ግን አብራን የቆረበችውን እህታችንን አደባባይ አወጣናት።

ፍልስጥኤማውያን የሳኦልን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አወረዱት፣ አጥንቱንም ቀበሩ፤ ዳዊትም መረቃቸው። እኛ ከየትኞቹ ነን? ወረቀቱ ስልካችሁ ላይ ያለ አሁኑኑ አጥፉት፤ የላካችሁለትንም አጥፋው በሉት።

«እውነት ነው እኮ፣ መቼ ዋሸን» የምትሉ አላችሁ። የኖኅ ልጅ ካምም አልዋሸም፤ የአባቱን ዕራቁትነት ያየውን ነው ያወራው።

በሽታው የሚተላለፍ ወይም በዘር የሚወርድ ከሆነ ሐኪም ለቤተሰቡ ለብቻቸው ይንገራቸው፤ እሱ ነፍስ ማትረፍ ነው። ድንኳን ውስጥ ላለ እድርተኛ ግን ምን ይረባዋል?

በግቢ ጉባኤ ያላችሁ የሕክምና ተማሪዎች ልጆቼ፣ ይህ እናንተን ይበልጥ ይመለከታል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጄኔቫ መሐላ ላይ፣ የሕመምተኛው ምስጢር «ከሞተም በኋላ» ይጠበቅ የሚለው በ1968 ተጨምሯል። ሐኪሞች ለሟች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ሥጋዋን ገንዘን፣ ጸሎት አድርሰን የሸኘናት እኛማ ምን ያህል ይጠበቅብናል? ከዋርድ ወደ ዶርም ስትመለሱ የሰው ስም ይዛችሁ አትግቡ። ጓደኛ «ምን ነበር የገደላት?» ቢላችሁ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ እለፉ።