ፐርሰፎኒ ወዳ ነው የሄደችው? ስለ ሐዴስ ተረት የሚባለው እና እውነታው

ሐዴስ የሙታን አገር ንጉሥ ነው፤ ፐርሰፎኒ ደግሞ የእህል አምላክ የዴሜትር ልጅ። ንጉሡ ልጅቷን ጠልፎ ከምድር በታች ወሰዳትና ሚስቱ አደረጋት። የጥንት ግሪኮች ተረት በአጭሩ ይኸው ነው። ዛሬ ከዚህ ተረት የተቀዱት የፍቅር ፋንታሲ ተከታታዮች ለጉድ ናቸው። ሎር ኦሊምፐስ የተባለው ዌብቱን (በኢንተርኔት የሚነበብ የሥዕል ታሪክ) ብቻውን እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 ዘልቋል። ማንበቡ ደስ ይላል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው አንባቢው ተከታታዩን እንደ ጥንቱ ተረት አድርጎ ማውራት ሲጀምር ነው።

«በጥንቱ ተረት ወዳ ነው የሄደችው፤ ጠለፋውን ወንዶች በኋላ ጨመሩት»

በብዛት የምሰማው ይሄን ነው። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ከሚተርኩልን ጽሑፎች ቀዳሚው ለዴሜትር የተገጠመ መዝሙር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው ወይም 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ እንደተገጠመ ይገመታል። እዚያ ላይ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር አበባ እየለቀመች ሳለ ከአንድ ሥር መቶ ራስ ያወጣ ናርሲሰስ የሚባል አበባ ታያለች። አበባው ወጥመድ ነው፤ በአባቷ፣ በአማልክት ንጉሥ በዜውስ ፈቃድ የበቀለ። እጇን ስትዘረጋ ምድር ትሰነጠቃለች፣ ሐዴስ በወርቅ ሠረገላ ብቅ ይላል፣ እየጮኸች ይዟት ይሄዳል። ያኔ የምትጣራው አባቷን ነው። አባትየው ደግሞ ቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷታል! እናትን የጠየቃት የለም። ጠለፋ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በፈቃዷ ወረደች የሚለው ትረካ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ መጽሐፍ ታሪኩን እንደዚያ አድርጎ ጻፈው፤ ብዙ ሰውም የጥንቱ ይሄ ነው ብሎ ያዘው። ለፍቅሩ ወገን የሚሆን ነገር ከጥንት ካስፈለገ ግን አንድ አለ። ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል ስለ እርሻ በጻፈው ግጥም መግቢያ ላይ፣ ልጅቷ ተመለሽ ብትባልም እናቷን ለመከተል ደንታ እንዳልነበራት በአንድ ስንኝ ጣል አድርጎ ያልፋል። መውረዷ በፈቃዷ ነበር ግን አይልም።

«ስድስት የሮማን ፍሬ በላች፣ ስለዚህ ስድስት ወር»

በሙታን አገር ምግብ የቀመሰ ወደዚያ መመለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ፐርሰፎኒ ወደ እናቷ ብትመለስም በየዓመቱ ከባሏ ጋር የምትቆይበት ጊዜ አለ። ሒሳቡ ያምራል። መዝሙሩ ላይ ያለው ግን አንዲት የሮማን ዘር ናት፤ ከባሏ ጋር የምትቆየውም የዓመቱን ሲሶ። ለእናቷ ስትናገር ደግሞ በግድ እንዳጎረሳት ነው የምትነግራት። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ዘሩን ሰባት፣ ጊዜውን ግማሽ ዓመት አደረገው። ሐዴስን በፍቅር ቀስት ያስወጋውም እሱ ነው። እንግዲህ ተረቱን እንደገና መጻፍ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

«ሐዴስ ሰይጣን ነው» ወይም «ሐዴስ ታማኝ ባል ነው»

ሁለቱም አይደለም። ሰው አይፈትንም፤ ነፍስ ወሳጁም ሌላ ነው፣ ታናቶስ ይባላል። ታማኝነቱን በተመለከተ፣ ሚንቴ የምትባል ውሽማ ነበረችው። ፐርሰፎኒ ረግጣ ወደ ናና ቅጠል ለወጠቻት ይባላል። ከወንድሙ ከዜውስ ጋር ሲተያይ ግን ጨዋ ነው።

«ፐርሰፎኒ አበባ የምትለቅም የዋህ ልጅ ናት»

ኦዲሲ በተባለው የሆሜር ግጥም ላይ የምናገኛት የምታስፈራ ንግሥት ናት። የግጥሙ ጀግና ኦዲሴየስ ያን ሁሉ ጦርነት አልፎ መጥቶ ከሙታን ደጅ የሚሸሸው፣ ጎርጎን የተባለችውን ጭራቅ ራስ ትልክብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው።

«ዴሜትር ልጇን አላላውስ ያለች ክፉ እናት ናት»

ይሄኛው ያናድደኛል። ፍቅሩ እንዲያምር አንድ ሰው ክፉ መሆን አለበት፣ ዕጣው ደግሞ ሁሌ እናትየዋ ላይ ይወጣል። መዝሙሩ ላይ ዋናዋ ባለታሪክ እሷ ናት። ችቦ ይዛ ዘጠኝ ቀን ምግብ ሳትቀምስ፣ ገላዋን ሳትታጠብ ትንከራተታለች። እውነቱን ስታውቅ አማልክቱን ትታ አሮጊት መስላ ኤሌውሲስ ትገባለች፣ የሰው ሕፃን ታሳድጋለች። በኋላ እህል እንዳይበቅል ትከለክላለች። ዜውስ ልጅቷ ትመለስ ብሎ ሐሳቡን የቀየረው አዝኖላት እንዳይመስላችሁ። ሰው በረሃብ ካለቀ ለአማልክቱ መሥዋዕት የሚያቀርብ ይጠፋል! ከአቴንስ ብዙም በማይርቀው በኤሌውሲስ ለእናትና ልጅ ይደረግ የነበረው ምስጢራዊ ሥርዓት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የቆመው በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በክርስቲያን ነገሥታት ዘመን ነው።

«ጥንት ባልና ሚስትነታቸውን ያከበረ አልነበረም»

ነበረ እንጂ። በደቡብ ኢጣሊያ የሎክሪ ግሪኮች ፐርሰፎኒን የጋብቻ ጠባቂ አድርገው ያመልኳት ነበር። ከመቅደሷ በቁፋሮ የወጡ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ሰሌዳዎች አሉ። አንዱ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን በዙፋን ተቀምጠዋል፤ እሷ አውራ ዶሮና የስንዴ ዛላ ይዛለች። እዚያው የተገኙ ሌሎች ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ ጠለፋው ተቀርጿል። የሎክሪ ሰዎች አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አላስፈለጋቸውም።

«ዘመዳሞች አይደሉም»

ናቸው። ሐዴስ የአባቷም የእናቷም ወንድም ነው። በጥንቷ አቴንስ አጎት የወንድሙን ልጅ ማግባት ይፈቀድለት ነበር። ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ ግን ከጠለፋው ይልቅ ይሄ ሳይከብድ አይቀርም።