ቆጣሪው አይሮጥም

በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስልክ ይደወልልኛል፤ ሰላምታው ሳያልቅ «ቆጣሪያችን ይሮጣል» ይሉኛል። የዳቦ ቤት፣ የሆቴል፣ የጋራዥና የእንጀራ መጋገሪያ የመብራት መስመር ስዘረጋና ስጠግን 19 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን በእርግጥ የተበላሸ ቆጣሪ ያገኘሁት ሁለቴ ነው። በቀረው ሁሉ ቆጣሪው ልክ፣ ቤቱ ግን ወንፊት ሆኖ ነው የተገኘው።

ስለ መብራት ሂሳብ ከየቤቱ ከምሰማው ቀላል ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ልለፍና ወደ ቆጣሪው እመለሳለሁ።

«አምፖል ማጥፋትና ማብራት፣ በርቶ ከመተው ይበልጥ ይበላል።» አይበላም። ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

«ዲፕ ፍሪዘሩን እስከ መጨረሻው ካዞርነው ቶሎ ያቀዘቅዛል።» ፍጥነቱ ያው ነው፤ የምታዞሯት ቁልፍ የምትወስነው የት ላይ እንደሚያቆም ብቻ ነው። ይልቅ ከጀርባው ያለውን ፍርግርግ በብሩሽ ጥረጉት። በቅርቡ አንድ ሥጋ ቤት ገብቼ ከፍሪዘር ጀርባ ያወጣሁት አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር፤ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አያርፍም። ፍሪዘርን ከዳቦ መጋገሪያ አጠገብ የሚያቆምማ ሰው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አታግሎ ለሁለቱም የሚከፍል ነው።

«የኮምፕሬሰር አየር አይከፈልበትም።» አየሩ ነጻ ነው፤ የሚጨምቀው ሞተር ግን ነጻ አይዞርም። በ7 ባር ግፊት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ 3 ኪሎዋት ያህል ያስበላል። የጋራዥ ባለቤቶች፣ ማታ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ኮምፕሬሰሩን ሞልታችሁ አጥፉና ቱቦውን ተከትላችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። የሚያፏጨው ራሱ ይጠራችኋል።

«ኤልኢዲ ቀይረናል እኮ!» ጥሩ አድርጋችኋል። ግን እንቁጠረው፦ 20 አምፖል ቀይራችሁ ከእያንዳንዱ 20 ዋት ብታተርፉ 400 ዋት ነው፤ ቀኑን 10 ሰዓት ቢበራ 4 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። የ20 አምፖሉን የቀን ቁጠባ አንድ ምጣድ በአንድ ሰዓት ገደማ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚታየው ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ምጣድ፣ ቦይለር፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ ካውያ። ከዚያ ሞተር፣ አምፖል መጨረሻ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ግን ከአምፖሉ ነው፤ ስለሚታይ መሰለኝ።

«ሶኬት ላይ የሚሰካው ቆጣቢ ሳጥን ሂሳቡን በ30 በመቶ ይቀንሳል።» ይህን ሳጥን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ካፓሲተርና አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች፤ ሌላ የለም። ካፓሲተር የውሸት ዕቃ አይደለም። ሞተር ከመስመሩ እየሳበ መልሶ የሚገፋው፣ ሥራ ግን የማይሠራ ኃይል አለ፤ ባለሙያው ሪአክቲቭ ይለዋል። ሪአክቲቩ በዝቶ (ፓወር ፋክተሩ ወርዶ ይባላል) ተጨማሪ የሚከፍል ፋብሪካ፣ ያንን ኃይል በመስመሩ ፈንታ የሚያቀርብለት በልኩ የተሰላ የካፓሲተር ስብስብ ቢያስገባ ገንዘቡ ይመለስለታል። የካፌና የሱቅ ሂሳብ ግን የሚሰላው ሥራ በሠራው ኃይል ነው፤ ምጣድና ቦይለር ደግሞ ከመጀመሪያውም ሪአክቲቭ አይስቡም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሳጥኑ ምኑን ይቀንሰው? ያቺ አረንጓዴ መብራት ራሷ ታስከፍላችኋለች።

አሁን ወደ ቆጣሪው።

ዓምና ገርጂ አካባቢ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያቀርቡ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ስድስት ምጣድ አላቸው። የሁለት ወሩን ቢል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ እንጀራው አልጨመረ፣ ምጣዱ አልጨመረ፤ ይሄ ቆጣሪ ሌባ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ብሩን ለጊዜው እንተወውና ኪሎዋት ሰዓቱን እንይ» አልኳቸው። ይህን ለሁሉም እላለሁ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ተደርጓል፤ የያኔውን ብር ከዛሬው ብር ጋር አስተያይቶ «ፍጆታዬ ጨመረ» ማለት የዘንድሮን ጤፍ በካቻምና ዋጋ እንደመመተር ነው። የኪሎዋት ሰዓቱ ቁጥር ግን ታሪፍ አያውቅም። የእትዬን ስናየው እውነትም ጨምሯል፤ በወር ከ600 በላይ።

የቤቱን መስመር ሁሉ የሚቆርጠውን ሜን ብሬከር አጠፋሁት። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ማለቷን አቆመች። ይሄ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ምንም ሳይበራ ምንም አልቆጠረም ማለት ነው። ቀጥዬ ሌላውን ሁሉ ዘግቼ አንዲት ባለ 1000 ዋት ምድጃ ብቻ ሰካሁ። ቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ የእሳቸው 1000 ነው፣ 1600 የሆነም አለ። በ1000ው ሂሳብ ምድጃዋ በየ3.6 ሰከንዱ አንዴ፣ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ብልጭ ማድረግ አለባት። ስልኬን ሰዓት አድርጌ ከእትዬ ጋር ጮክ ብለን ቆጠርን፤ 16 ላይ ደቂቃው ሞላ። ቮልቴጁ ወረድ ብሎ ስለነበር እንዲያውም አነሰች። ቆጣሪው ሌባ ቢሆን 25፣ 30 በቆጠረ ነበር።

«እሺ፣ ታዲያ ሌባው ማን ነው?»

ምድጃዋን ነቅዬ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። አራተኛው ሲከፈት ቀይዋ መብራት ተነሳች። ምጣዶቹ ሁሉ ጠፍተዋል፣ አንድም አምፖል አልበራም። መስመሩን ተከትለን ጓሮ ወጣን፤ ጣሪያ ላይ ላለው ሮቶ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ እያጓራ ነው። ሮቶው ሲሞላ የሚያስቆመው ተንሳፋፊ ተጣብቋል። ትርፉ ውሃ በቱቦ ተመልሶ ታች ያለው ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ታንከሩ አይጎድል፣ ግቢው አይረጥብ፣ ማን ይይ? ባለ 1.5 ኪሎዋት ፓምፕ በየሌሊቱ ለ8 ሰዓት ያንኑ ውሃ ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሟል። በቀን 12፣ በወር 360 ኪሎዋት ሰዓት።

የቀረውን ያገኘሁት በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሄጄ ነው። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ እንደገባች ስድስቱንም ምጣድ በአንዴ ታበራና ሊጡን ልታቀጥን ትሄዳለች፤ «ሲግል ይቆይ» ብላ። ምጣዱ ለመጋል ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ እሷ የምትመለሰው ከ45 ደቂቃ በኋላ ነው። ስድስት ምጣድ፣ 3.5 ኪሎዋት፣ ግማሽ ሰዓት፣ 26 የሥራ ቀን፤ ይኸው 273። ከፓምፑ ጋር 633 መጣ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ የነገራት የለም። አሁን ሊጡ ተቀጥኖ ካለቀ በኋላ ነው የሚበራው፣ እሱም ሁለት ሁለት እየሆነ።

ቆጣሪ ፈጽሞ አይበላሽም አላልኩም። ሜኑን አጥፍታችሁ ያቺ መብራት አሁንም ብልጭ ካለች፣ ወይ ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ባለው መሀል የጠለፈ አለ፣ ወይ ቆጣሪው በእርግጥ ታሟል። ያኔ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጻፉና አመልክቱ። «ይሮጣል» ብሎ መጮህ ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ቀረችኝ፤ ይህቺን የሚሉኝ የተማሩት ናቸው። «የኛ መብራት ከውሃ ነው፤ ብንቆጥብ ለአካባቢው ምን ይጨምራል?» አዎ፣ አብዛኛው መብራታችን ከውሃ ነው፤ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። የድርጅታችሁ ጭስ ግን ያለው ግድቡ ላይ ሳይሆን ጓሯችሁ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምጣዱን በአንድ ሰዓት ሲጭን ትራንስፎርመሩ ይዝልና መብራት ይሄዳል፤ ጀነሬተር ይነሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ደግሞ የምንገዛው ጀነሬተር! «ትልቅ ከሆነ አይደክምም» ተብሎ ባለ 60 ኪሎ ቮልት አምፒር ይገዛና አንድ የቡና ማሽንና ሦስት አምፖል ይጎትታል። በደንብ የተጫነ ጀነሬተር ከሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባዶውን የሚዞረው በብዙ ያነሰ ይሰጣል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ እየተፋ ማስወጫውን በጥቀርሻ ይደፍናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የተጻፈለትን ያህል አይጎትትም፤ ለዚያ መጠነኛ ጭማሪ ማሰብ ተገቢ ነው፣ አራት እጥፍ ግን አይደለም። በጀነሬተር ጊዜ የግድ መከፈት ያለባቸውን ብሬከሮች በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ ሌላው ይጥፋ። ሊትሩን ስንት እንደምትገዙት እናንተ ታውቃላችሁ።

በእንጨት የምትጋግሩ ዳቦ ቤቶች፣ እርጥብ እንጨት አትግዙ። መጀመሪያ የምታፈሉት የእንጨቱን ውሃ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። ቁጥሬን የሰጡት የገርጂዋ እትዬ ናቸው። «ኢንጂነር፣ የእሳቸውን ቆጣሪ እንዳይሮጥ ያደረጉት እርስዎ ነዎት አይደል? የኛም ብሶበታል።»