«ጎበዝ ሐኪም ካለ ይበቃል» እና ሌሎች ስለ ካንሰር ሕክምና የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አክስቴ የጡት ካንሰር ይዟት ሁለት ዓመት አብሬያት ሆስፒታል ተመላልሻለሁ። ካርድ ክፍል ተሰልፌያለሁ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሬያለሁ፣ ውጤት የታጨቀበት ፌስታል ታቅፌ አግዳሚ ወንበር ላይ አንቀላፍቻለሁ። ከሁሉ የበዛው ግን ምክሩ ነው። ጎረቤት ይመክራል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይመክራል። ግማሹ ልክ አልነበረም።

«ጎበዝ ሐኪም ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው»

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ካንሰርን አንድ ሐኪም አይጨርሰውም። ናሙናውን አይቶ ዓይነቱን የሚለየው ፓቶሎጂስት ነው። ዕጢውን የሚያወጣው ቀዶ ሐኪም፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚያዘው ኦንኮሎጂስት (የካንሰር ሐኪም) ነው፤ የጨረር ሕክምናው ደግሞ ሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ። ከተቻለ እነዚህ ሰዎች ገና ሳይጀመር አንድ ላይ ተቀምጠው «የቱ ይቅደም?» ብለው ቢወስኑ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ዕጢ መጀመሪያ በኬሞ እንዲቀንስ ይደረግና ነው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚኬደው።

ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእነሱ እጅ ሳይሆን በመካከላቸው ነው። የአክስቴ የፓቶሎጂ ውጤት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ጠፋ። ሦስት ሳምንት! ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፣ ወረቀቱ ግን የማንም አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ሲስተር ከሥራ ሰዓቷ በኋላ ቆይታ መሳቢያ ስትበረብር አገኘችው።

ኒውዮርክ ውስጥ ሃርለም ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሃሮልድ ፍሪማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ይህ ነገር ቀድሞ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1986 እዚያ ከታከሙት የጡት ካንሰር ታማሚዎች 5 ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ ሲመጡም ረፍዶባቸዋል። እሱም በ1990 ታማሚውን ከቀጠሮ ቀጠሮ የሚያደርሱና ወረቀቱን የሚከታተሉ ሰዎችን መደበ። ከ1995 እስከ 2000 በታከሙት ላይ ቁጥሩ 70 በመቶ ደረሰ። እርግጥ ነፃና ርካሽ ምርመራም ስለተጨመረ በሽታው በጊዜ ይገኝ ነበር፣ ስለዚህ ምስጋናው የአንዱ ብቻ አይደለም።

እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠራው አስታማሚ ነው። ደሞዝም ሥልጠናም የለውም እንጂ። ሥራው ምግብ ማመላለስ ብቻ ለሚመስለው፣ አንድ ሳምንት ቦታውን ይሞክራት። ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው ደግሞ ማደሪያው ራሱ የሕክምናው አካል ነው። የሚያድርበት ያጣ ሰው ቀጠሮው ሳይደርስ ወደ አገሩ ይመለሳል።

«ካንሰር መሆኑን አትንገሯት፣ ትሰበራለች»

ከፍቅር የመጣ ውሸት ነው፣ ይገባኛል። ግን የማታውቀውን በሽታ ሴትዮዋ ለምን ብላ ስድስት ዙር ኬሞ ትታገሣለች? ሁለተኛው ላይ ትንሽ ሲሻላት «ደህና ነኝ» ብላ ትቀራለች። እኛም ደብቀን ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ዞር ብላ «የበሩን ጽሑፍ እኮ ማንበብ እችላለሁ» አለችኝ። በሩ ላይ «የካንሰር ሕክምና ክፍል» ይላል።

«ትኩሳት የኬሞ ጠባይ ነው፣ ያልፋል»

እዚህ ላይ ግን እንዳትቀልዱ። ኬሞ ኢንፌክሽን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያወርዳል፣ በአብዛኛው ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ። ያኔ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ነው፣ ታማሚዋ ኬሞ ላይ መሆኗንም በር ላይ ቀድሞ መናገር ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድንም። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር፤ የሚደወልበት ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። ኒውዮርክ ውስጥ 766 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሕመማቸውን በኮምፒውተር የሚያስታውቁና ሲብስባቸው ነርስ የሚደርሳቸው ሰዎች በመካከለኛ ስሌት 31 ወር ገደማ ኖረዋል። እንደ ወትሮው የታከሙት 26። ልዩነቱ አዲስ መድኃኒት አይደለም፣ የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው።

«ጸበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪ»

አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ለኬሞስ ምን ይከለክላል? የባህል መድኃኒት ሌላ ጉዳይ ነው። የሚጠጣ ነገር ካለ ሐኪሙ ይወቅ፣ ጉበት የሚጎዳና ከኬሞው ጋር የሚጣላ አለና።

«ሞርፊን ከታዘዘ አበቃ»

ሞርፊን የሚታዘዘው ለሕመም ነው፣ ለሞት አይደለም። ማስታገሻ ሕክምናም ተስፋ የተቆረጠበት ሰው መሸኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቦስተን ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ማስታገሻ ሕክምና ከመጀመሪያው የተጨመረላቸው በመካከለኛ ስሌት 11.6 ወር ኖሩ፣ ያልተጨመረላቸው 8.9። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ታማሚ ቤት ድረስ ሄዶ ይህን ይሠራል። በነገራችን ላይ ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘ ጠይቁ።

«ጨረር የወሰደች ሴት ሕፃን አትቀፍ»

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ትቀፍ። ሳህንና ብርጭቆም መለየት አያስፈልግም፣ ካንሰር አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

«ኬሞው አለቀ፣ ተገላገልን»

እኛም ድግስ ቢጤ አድርገን ነበር። ከዚያ ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፊን የሚባል ክኒን ታዘዘላት፣ በየቀኑ ለ5 ዓመት። አንዳንዱ 10 ዓመት ይወስዳል። መጀመሪያ አካባቢ በየጥቂት ወሩ ክትትል አለ። ከዓመት በኋላ ደግሞ በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው እጇ አበጠ፤ እሷ እንጀራ ስጋግር ደክሞኝ ነው ብላ ወር ሙሉ ዝም አለች። ከብብት ንፍፊቶች (የሊምፍ ዕጢዎች) ሲወጡ ፈሳሽ እጅ ላይ ሊጠራቀም እንደሚችል የነገራት ሰው አልነበረም። ቀድሞ ከተያዘ በእንቅስቃሴና በማሰሪያ ይቀንሳል።

ባለፈው ጊዜ ለደም ግፊቷ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። «የትኛውን ኬሞ ነበር የወሰድሽው?» አላት። «ቀዩን» አለች አክስቴ፣ ሽንት የሚያቀላውን ማለቷ ነው። ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው። ልብ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ ስሙ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ መጠኑ ያስፈልገዋል። ደግነቱ ፌስታሉን ይዤ ነበር።