ኬንያ በለጠችን ወይስ በለጥናት?

«ኢትዮጵያ ኬንያን በጂዲፒ (አገር በዓመት የሚያመርተው ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ) ቀደመች» የሚለውን ዜና ሰምተን ሳንጨርስ «ኬንያ መልሳ ቀደመች» ይመጣል። ግራ የሚያጋባው ነገር ንጽጽሩ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር መሠራቱ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የገበሬው ጤፍ በዚህ ምክንያት አንድ ኩንታል አልቀነሰም። ግን 100 ዶላር ያወጣ የነበረው 5,700 ብር፣ ምንዛሬው 114 ሲገባ 50 ዶላር ብቻ ሆነ። ኢኮኖሚያችንም በወረቀት ላይ እንዲሁ ሟሸሸ።

ተቃራኒውም አለ። ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የስሌቷን መነሻ ዓመት (ለዋጋና ለዘርፎች ድርሻ መለኪያ የሚሆነውን ዓመት) ስትቀይር ጂዲፒዋ 25 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ፤ ለዚህ ሲባል ግን አንድም ተጨማሪ የሻይ ቅጠል አልተቀጠፈም።

ለዚህ ነው «በመግዛት አቅም» የሚባለው ሌላ ስሌት ያለው። ዶላሩን ትቶ፣ ያው ዕቃ እዚህ ስንት፣ እዚያ ስንት ይሸጣል ብሎ ያመዛዝናል። በዚህ ስሌት የኢትዮጵያ ጠቅላላ ጂዲፒ ከኬንያ ይበልጣል። ደስ ከማለታችን በፊት ግን ለሕዝብ ቁጥር እናካፍለው፤ እኛ ከኬንያ በእጥፍ እንበልጣለን። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ኬንያ ትቀድማለች።

ገቢ ብቻውን ደግሞ ኑሮን አይናገርም። በትምህርት ዓመታት ኬንያ ርቃ ሄዳለች፤ በተባበሩት መንግሥታት የቅርብ ግምት መሠረት ግን ረዘም ያለ ዕድሜ የሚጠብቀው ኢትዮጵያ የተወለደው ሕፃን ነው።